ሮቦትን ከሩቅ በአንጎል ማዘዝ፦ ዋናው እንቅፋት ያለው የት ነው?

በደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው እጁን ሳያነሣና ቃል ሳይተነፍስ በሌላ አገር ያለን ሮቦት ማንቀሳቀስ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ይችላል» ነው፤ በሌሎች አገሮች ይህን የመሰለ ሙከራ ከተሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለ ጉዳዩ በየመገናኛ ብዙኃኑ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አድማጩን የሚያስደምመው በርቀቱ ነው፤ ሰውየው እዚህ፣ ሮቦቱ ባሕር ማዶ እየተባለ ይወራል። በእኔ እምነት ርቀቱ ከጠቅላላው ሥራ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ክፍል ያለው በአንጎል ሕዋሳትና በራስ ቆዳ መካከል ባለችው ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። እንደ ሰሜን ሸዋ ላለ አካባቢ ደግሞ ሌላ ከባድ ክፍል ይጨመራል፤ እሱም መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ የሚጠግነው፣ የሚያስተካክለውና ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ርቀቱን በቁጥር እንየው። ብርሃን በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ምልክቱ ጉዞውን የሚጨርሰው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያሉት የኔትወርክ መሣሪያዎች የሚያስከትሉት መዘግየት ቢታከልበት እንኳ ሰው ልብ የሚለው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 ብራዚላዊው የነርቭ ሳይንቲስት ሚጌል ኒኮሌሊስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ኢዶያ የተባለች ጦጣ በመራመጃ ማሽን ላይ ስትራመድ የአንጎሏን ምልክት ወደ ጃፓን ኪዮቶ ልከው፣ እዚያ ያለ ሰው መሰል ሮቦት እንደ እርሷ እንዲራመድ አድርገዋል። የሮቦቱ እግሮች ምስልም ተመልሶ በፊቷ ባለው ስክሪን ላይ ይታያት ነበር። ከዚህ ሙከራ ለእኔ ትልቁ ነገር ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ርቀት አይደለም። ተመራማሪዎቹ የመራመጃ ማሽኑን ሲያቆሙት ጦጣዋ እግሯን አቆመች፤ ዓይኗ በስክሪኑ ላይ እንዳለ ሮቦቱን ግን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ማስኬዷን ቀጠለች። የመራመድ ትእዛዝ ከራሷ እግር ተለይቶ ሊወጣ እንደሚችል ያሳየው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በእስራኤል ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ የተኛ ተማሪ በፈረንሳይ ቤዚዬ ከተማ የነበረን ትንሽ ሮቦት ወደ ፊት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስኬዷል። በዚያ ሙከራ የታየው ዋናው መዘግየት ከእስራኤል እስከ ፈረንሳይ ባለው መስመር የመጣ አይደለም። ኤምአርአይ እንዲህ ላለው ሥራ ሲውል የሚለካው በአንጎል ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት ለውጥ ሲሆን፣ ደሙ ወደሚሠራው የአንጎል ክፍል የሚሰበሰበው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው። ምልክቱ ባሕሩን ለመሻገር ከወሰደበት ጊዜ ይልቅ ከራስ ቅሉ ለመውጣት የወሰደበት ጊዜ ይበልጣል።

እንግዲህ ከራስ ቅል የሚወጣው ነገር ምንድን ነው? ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ራስ ላይ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ምት መዘገበ፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። ዛሬ ሆስፒታሎች የሚጥል በሽታን ለመመርመር የሚጠቀሙበት ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ዣክ ቪዳል የተባሉ የሎስ አንጀለስ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 አንጎልንና ኮምፒውተርን በቀጥታ ማገናኘት እንደሚቻል በጽሑፍ አቀረቡ። ዘዴው ሲብራራ ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ቀኝ እጁን ለማንቀሳቀስ ሲያስብ፣ እጁ ባይንቀሳቀስም፣ በግራው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴን በሚመራው ሥፍራ ላይ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚመታው ምት ይደክማል። ግራ እጁን ሲያስብ የቀኙ ይደክማል። ኮምፒውተሩ ይህን ልዩነት ለይቶ አንዱን «ወደ ቀኝ»፣ ሌላውን «ወደ ግራ» ብሎ ለሮቦቱ ያስተላልፋል። ስለዚህ መሣሪያው የሰውየውን ምስጢር፣ ጸሎት ወይም ቂም አያነብም፤ የሚያነበው ለመንቀሳቀስ የተደረገን ዝግጅት ነው፤ ያውም በብዙ ጫጫታ መካከል።

የጫጫታው ነገር ሊቃለል አይገባም። ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካው ምልክት ከቮልት አንድ ሚሊዮንኛ በሚቆጠር መጠን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 ማይክሮቮልት አይበልጥም። ዓይን ሲርገበገብና ጥርስ ሲነከስ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ከእርሱ ይጎላል። አጥንቱና ቆዳው ደግሞ በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ሕዋሳት የሚወጣውን ድምፅ አንድ ላይ ደባልቀው ያወጡታል። ጆናታን ዎልፖውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሰፊ ግምገማ በዚያን ጊዜ የነበሩት ሥርዓቶች በደቂቃ ቢበዛ ከ10 እስከ 25 ቢት መረጃ ብቻ ያስተላልፉ እንደነበር ገልጸዋል። አንድ ቢት ማለት አንድ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። በእኛ ፊደል እናስላው። 33ቱ ሆሄያት በ7 ድምፅ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ 8 ያህል «አዎ» ወይም «አይደለም» ያስፈልጋል። በደቂቃ 25 ቢት የሚያገኝ ሰው የሚጽፈው 3 ፊደል ብቻ ነው፤ «ጤና ይስጥልኝ» ለማለት ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በስክሪን ላይ በተለያየ ፍጥነት የሚብለጨለጩ ምልክቶችን በማየት የሚሠራው ዘዴ ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱን በብዙ እጥፍ አሳድጎታል፤ ነገር ግን እርሱ የዓይንን ትኩረት የሚጠይቅና ቶሎ የሚያደክም ነው። ከዚህም በላይ እንደ ተመራማሪዎቹ ግምት ከተጠቃሚዎች ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ዓይነት ሥርዓት በቂ ቁጥጥር ላይ መድረስ ያቅታቸዋል።

እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም ይልቅ እኛን በቅርብ የሚነካ ነገር አለ፤ እሱም ጸጉር ነው። ምልክቱን የሚቀበለው ትንሽ መዳሰሻ፣ ኤሌክትሮዱ፣ የራስ ቆዳን መንካት አለበት፤ በመካከል የሚገባው ጄል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው፣ ቅባት ግን አያስተላልፍም። ኤሌክትሮዶቹ የሚያዙበት የኢኢጂ ቆብ በተሠራባቸው አገሮች ሲሞከር የኖረው በአብዛኛው ልስልስና ቀጥ ያለ ጸጉር ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ጸጉሯን ጥብቅ ሹሩባ ተሠርታ ለጋ ቅቤ የተቀባች የመንዝ ወይም የተጉለት ሴት በዚያ ቆብ ሥር ብትቀመጥ ባለሙያው ከእርሷ የሚያገኘው ምልክት ጫጫታ የበዛበት ይሆናል፤ ወይም ሹሩባዋን ፍቺ ትባላለች፤ ወይም ጭራሽ ከጥናቱ ትወጣለች። እንዲህ በየቦታው የሚወጡ ሰዎች ሲደማመሩ ኮምፒውተሩ የሚማርበት መረጃ የሌሎችን አንጎል ብቻ የያዘ ይሆናል። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው መፍትሔ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ጸጉሩ ኤሌክትሮድ የሚያርፍባቸው ነጥቦች ክፍት ሆነው እንዲቀሩ ተደርጎ በሹሩባ ይሠራል፣ ኤሌክትሮዱም በጉንጉኖቹ መካከል በሚያዝ ልዩ መቆንጠጫ ይጠበቃል። ይህን ሥራ ከደብረ ብርሃን ሹሩባ ሠሪዎች የተሻለ የሚያውቅ የለም። በራስ ላይ ኤሌክትሮድ የሚያርፍባቸውን ነጥቦች የሚያሳይ ሥዕል ተሰጥቷቸው ከአንድ ኢኢጂ ባለሙያ ጋር ቢቀመጡ የሚገኘው ውጤት ለሳይንሱም እውነተኛ አስተዋጽኦ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ከራስ ቅሉ ውጭ ሆኖ መስማት ካስቸገረ ሌላው መንገድ ወደ ውስጥ መግባት ነው። ብሬንጌት በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ጥምረት ጎኑ 4 ሚሊ ሜትር በሆነች፣ 96 ኤሌክትሮዶች ባሏትና በአንጎል ላይ በምትተከል ቁራጭ አማካይነት የነጠላ ሕዋሳትን ምት መመዝገብ ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ውጤታቸው፣ በስትሮክ ምክንያት ለ15 ዓመት ገደማ እጅና እግሯ የማይታዘዛት አንዲት ሴት የሮቦት ክንድ አዝዛ የቡና ጠርሙስ ወደ አፏ አቅርባ ጠጥታለች። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከአንጎል ወደ ክንዱ ብቻ የነበረውን መስመር በሁለት አቅጣጫ አደረጉት፤ የሮቦቱ ጣቶች ዕቃ ሲነኩ ያ ስሜት በኤሌክትሪክ ወደ ሰውየው አንጎል ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት መሠረት የመዳሰስ ስሜቱ ሲጨመር አንድን ዕቃ አንሥቶ ለማስቀመጥ የሚወስደው ጊዜ ከ20 ሰከንድ ገደማ ወደ 10 ሰከንድ ገደማ ወርዷል። ከሩቅ ለሚታዘዝ ሮቦት ይህ ግኝት ከማንኛውም የፍጥነት ዜና ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም በዓይን ብቻ እየተመሩ ብርጭቆ መያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እጁ በብርድ የደነዘዘበት ደጋማ ሁሉ ያውቀዋል።

ሆኖም በአንጎል ውስጥ የተተከለ ነገር በቦታው ጸንቶ አይኖርም። ሰውነት ባዕዱን ነገር በጠባሳ ይከበዋል፣ ምልክቱም ይደክማል። የኢሎን መስክ ኩባንያ ኒውራሊንክ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተከለው መሣሪያ 1,024 ኤሌክትሮዶች በ64 ቀጫጭን ክሮች ላይ የያዘ ሲሆን፣ በሳምንታት ውስጥ ብዙዎቹ ክሮች ከአንጎሉ ወደ ኋላ ተስበው ኩባንያው ጉድለቱን በሶፍትዌር ለማካካስ ተገዷል። በተቃራኒው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ካሩኔሽ ጋንጉሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2025 ባሳተሙት ጥናት ኤሌክትሮዶቹን አንጎል ውስጥ ሳይወጉ ከላዩ ላይ አሳርፈው፣ ሽባ የሆነ ሰው የሮቦት ክንድን ለ7 ወራት ያህል ያለ ብዙ ማስተካከያ ሲያዝ አሳይተዋል። ያ የተቻለው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚለዋወጠውን የአንጎል ምልክት ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተከተለ እንዲማረው በመደረጉ ነው።

ደካማ ምልክት ይዞ ጠቃሚ ሥራ ለመሥራት የተገኘው ሌላው ብልሃት የሮቦቱን የራሱን ማስተዋል መጨመር ነው። ከአንኮበር ወደ ቆላው በቅሎ ጭኖ ወይም ተቀምጦ የወረደ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል እንጂ በቅሎዋ ኮቴዋን በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደምታሳርፍ አይነግራትም። በስዊዘርላንድ ሎዛን የሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በሆሴ ሚላን መሪነት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ሥራ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። በጠቅላላው 19 ሰዎች፣ ከእነርሱም 9ኙ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ የኢኢጂ ቆብ አጥልቀው ስክሪንና ካሜራ የተሸከመ ተሽከርካሪ ሮቦት በሎዛኑ ቤተ ሙከራ ውስጥ አስኬዱ፤ አካል ጉዳተኞቹ ሮቦቱን ያዘዙት ከሌላ ከተማና ከሌላ አገር ጭምር ሆነው ነበር። ሰዎቹ በሐሳባቸው «ግራ» ወይም «ቀኝ» ይላሉ፤ ዝም ካሉ ሮቦቱ ወደ ፊት ይቀጥላል፤ ወንበርና ግድግዳ ሲያጋጥመው የሚያልፍበትን መንገድ ራሱ ይፈልጋል። ጉዳተኞቹ ከጤነኞቹ ባልተናነሰ ሁኔታ ሥራውን መወጣታቸው ተዘግቧል። ከሰሜን ሸዋ ሁኔታ አንጻር ከተዘረዘሩት ሁሉ አዋጪ የሚመስለኝ ይህ ነው፤ የራስ ቅል መክፈት አይጠይቅም፣ ከባዱን ሥራም ለሶፍትዌር ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ለማን ነው የሚለውን ደግሞ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። እጁ ደኅና ለሆነ ሰው ሮቦትን በአንጎል ከማዘዝ በእጅ ማዘዝ ይፈጥናል፣ ይቀላል፣ ከስሕተትም ይርቃል። ስለዚህ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሠራተኞች ነገ ቆብ አጥልቀው ማሽን ያዛሉ የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። እጅ ወይም እግር የተቆረጠባቸው ሰዎችም ቢሆኑ አብዛኞቹ የአንጎል ንባብ አያስፈልጋቸውም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ከተጎዱት መካከል እጁን ያጣ ሰው ቢኖር፣ በቀረው ክንዱ ጡንቻ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ምልክት ከራስ ቆዳ ላይ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ የጎላ ስለሆነ በዚያ የሚሠራ ሰው ሠራሽ እጅ ይሻለዋል። የአንጎል ንባብ ዋነኛ ተገልጋዮች ኅብለ ሰረሰራቸው አንገት አካባቢ የተጎዳ፣ በስትሮክ ከአንገት በታች የደነዘዙና የነርቭ በሽታ ጡንቻቸውን ያሰነፈባቸው ሰዎች ናቸው። ከአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ወድቆ አንገቱን የተጎዳ አንድ ወጣት አውቃለሁ፤ ስልኩን የሚነካው በጥርሱ በያዘው እንጨት ነው። እናቱ ይህን ቴክኖሎጂ በቪዲዮ አይተው «ይኼ በሐሳብ የሚሠራው ነገር ለልጄ ይሆነው ይሆን?» ብለው ጠይቀውኛል። የሰጠኋቸው መልስ «ይሆነዋል፤ ግን አሁን የሚያስፈልገው አልጋ ቁስል የሚከላከል ፍራሽ፣ ዊልቸርና ሳያቋርጥ የሚያየው ፊዚዮቴራፒስት ነው» የሚል ነበር። አሁንም መልሴ ይኸው ነው። ቁስል ያመረቀዘበት ሰው በቆብ ሥር ለሰዓታት ተቀምጦ ሊሠለጥን አይችልም፤ ስለዚህ መሠረታዊው የማገገሚያ አገልግሎት ለዚህ ቴክኖሎጂ ቅድመ ሁኔታው እንጂ ተፎካካሪው አይደለም።

ርቀቱ ቀላል ነው ያልሁት መስመሩ ሲኖር ነው። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም መሣሪያ ለጤነኛ ሰው መጉላላት ቢሆን፣ በእርሱ ብቻ «ውኃ ስጡኝ» ለሚል ሰው ግን አንደበቱ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። ሮቦቱም ቢሆን ግንኙነቱ ሲቋረጥ ወዲያውኑ እንዲቆም ሆኖ መሠራት አለበት፤ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ የሚቀጥል ከሆነ አደገኛ ነው። የጥገናው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሴኮንድ ሳይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዓለም ዙሪያ ከ350 ለሚበልጡ ማየት የተሳናቸው ሰዎች በዓይናቸው ውስጥ መሣሪያ ከተከለ በኋላ ምርቱን አቆመ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በገንዘብ እጥረት ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ሰዎቹም የሚጠግንላቸው የሌለ መሣሪያ በአካላቸው ውስጥ ይዘው ቀሩ። ይህ የደረሰው መለዋወጫ በቀላሉ በሚገኝባቸው አገሮች ነው። በመሆኑም በአንጎል ውስጥ የሚተከል መሣሪያ ወደ እኛ ይምጣ የሚል ማንኛውም ወገን ከሁሉ አስቀድሞ ለአሥርና ለሃያ ዓመት የሚዘልቅ የጥገናና የማውጫ ቀዶ ሕክምና ዋስትና በጽሑፍ እንዲያቀርብ መጠየቅ አለበት።

ከአንጎል የተመዘገበው መረጃ የማን ነው የሚለውም ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የአንጎል እንቅስቃሴንና ከእርሱ የሚገኘውን መረጃ በተለየ ሁኔታ ጥበቃ እንዲያገኝ አድርጋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኢሞቲቭ የተባለው የኢኢጂ ቆብ አምራች ከአንድ የቀድሞ ሴናተር የሰበሰበውን መረጃ እንዲያጠፋ አዝዟል። በአገራችን የግል መረጃን ስለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የአንጎል ምልክት የተለየ ጠባይ አለው። ዛሬ ለሮቦት ማዘዣ የተመዘገበ ምልክት ነገ ዘዴው ሲሻሻል የሚጥል በሽታ ወይም የመርሳት ምልክት ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ ተሳታፊው የሚፈርመው ስምምነት «ለምርምር» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሊሆን አይገባውም። መረጃው ለምን እንደሚውል፣ ከአገር ይውጣ አይውጣ፣ ተሳታፊው ሐሳቡን ቢለውጥ እንዴት እንደሚጠፋ በሚገባው አማርኛ ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችልም ተነቦለት መሆን አለበት።

ሥራውን ለመጀመር ግን ብዙ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ፊዚዮኔት በተባለው ክፍት ማከማቻ ውስጥ ከ109 በጎ ፈቃደኞች በ64 ኤሌክትሮዶች የተመዘገበ፣ እጅና እግርን የማንቀሳቀስና የማሰብ የኢኢጂ መረጃ በነፃ ይገኛል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች በእርሱ ላይ ምልክት የመለየት ሶፍትዌር ሠርተው ሊፈትኑ፣ በአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ካሉት የሕክምና ተማሪዎች ጋር ደግሞ ከራሳችን ሰዎች፣ ሹሩባ ከተሠሩት ሴቶች ጭምር፣ መረጃ ሊሰበስቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው መሣሪያም ሮቦት ባይሆን እመርጣለሁ፤ በባትሪ የሚሠራ፣ «አዎ»ንና «አይደለም»ን የሚለይ፣ በአማርኛ ድምፅ «ውኃ»፣ «አዙሩኝ»፣ «አመመኝ» የሚል የአልጋ ዳር ደወል ይሁን። ደወሉ በአንድ ሕሙም ቤት ውስጥ ባለሙያ ሳይጠራ ለሳምንታት ከሠራ፣ ያንኑ ምልክት መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ በተባሉት የሰሜን ሸዋ ከተሞች ወደቆመ ተሽከርካሪ ሮቦት ለመላክ የሚጨመረው ሥራ ደወሉን አስተማማኝ ለማድረግ ከወጣው ድካም በእጅጉ ያነሰ ይሆናል።